የግራው ሕዳግ

በአንደኛው ዓመት እጄ ነው የተማረው፤ እኔማ የት ነበርኩ?
ሲስተር ዘውድነሽ ካፋቸው የጣሉትን ሁሉ እየለቀምኩ፣
ሲያስሉ፣ ሳላቸውንም ልጽፈው ጥቂት ቀረኝ።
«መስኮቱን ዝጉት፣ ከሐይቁ ትንኝ ይገባል» ያሉትን
ኋላ ሳገላብጥ ከወባ ምልክቶች መሃል አገኘሁት፤
ተራ ቁጥር አራት፣ ከብርድ ብርድ ማለት ቀጥሎ፣
በቀይ አስምሬበት።

ደብተሬ ወፍራም ነበር፤ ያስቀናል።
ዳንጊሶ ለአንድ ሌሊት ብሎ ሳምንት ይዞት ይከርማል፤
አቶቴ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ከነስሜ ያውቀዋል።
ፈተናው መጣና አንድ ቃል ጠየቀኝ፦ ለምን?
ምን አለ ደብተሬ ውስጥ። ስንት አለ። መቼም አለ።
ለምን የለም።

ሲስተር ዘውድነሽ ጠሩኝ። ገጽ ገለጡ፣ ሌላ ገለጡ።
«ይሄ ሁሉ የኔ ድምፅ ነው» አሉ፤ «ያንቺ የታለ?»
ማስመሪያ አልፈለጉም፤ በካርድ ጠርዝ፣ በእርሳስ፣
ከግራ ሦስት ጣት ለክተው ከላይ እስከ ታች ሰነጠቁት።
«ወዲያ የኔ፣ ወዲህ ያንቺ።
ማታ ቀኙን በመዳፍሽ ሸፍኚው፤
ግራው የሚጠይቅሽን ለግድግዳው መልሺ።»

ለግድግዳው መለስኩ። ዶርሙ ሳቀብኝ።
«የታመመ ሳንባ ለምን ይፈጥናል?» ስል
ላሊሴ ከላይኛው አልጋ፦
«ቸኩሎ ነዋ! ተኚ።»

ሁለተኛው ዓመት። የወንዶች ዋርድ፣ የሌሊት ተራ።
አልጋ ዘጠኝ፣ አቶ ላታሞ፣ ዓሣ አጥማጅ።
ሰዓቴን ይዤ ትንፋሻቸውን ቆጠርኩ፣ ደቂቃ ሙሉ፤
ወረቀት አጣሁና መዳፌ ላይ ጻፍኩ።
ከዚያ፣ እንደተማርነው፣
እጄን በአልኮል አሸሁ።

ሰማያዊ ዳመና ቀረኝ እጄ ላይ።
ሃያ ሁለት ነበር? ወይስ ሠላሳ ሁለት?
ሃያ ሁለት ብሎ መጻፍ ይቀላል፣ ያስተኛል፤
ቻርቱ ባዶውን ከፍቶ ይጠብቃል፤ ማን ያያል?
ግን ያ የግራ ሕዳግ፣ ሎከር ውስጥ የተቆለፈው፣
ከዚያ ሆኖ፦ «አፍንጫቸው ለምን ይርገበገባል?»
ተመለስኩ። እንደገና ቆጠርኩ።
ሠላሳ አራት።
ተረኛዋን ነርስ ስጠራ ድምፄ ተሰበረ፤
ኦክስጅኑ እየተንገጫገጨ መጣ፣ አንድ ጎማው ጠፍቶ።

ሊነጋ ሲል አባ ኮዳ ቆርቆሮውን ይረግጣል፣
ከሐይቁ በኩል የጀልባ ሰዎች ጥሪ ይሰማል።
አቶ ላታሞ ጭምብሉን ዝቅ አደረጉት፦
«ልጄ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስለ እኔ ምን ትጽፊያለሽ? አንብቢው።»
አነበብኩ። ወንድ፣ ስልሳ አንድ ዓመት፣
ሙቀት፣ ግፊት፣ ትንፋሽ፣ ሽንት በሚሊ ሊትር።
አዳመጡ እስከ መጨረሻው።
«ጀልባዬስ?»

ቻርቱ ለጀልባ ቦታ የለውም።
ደብተሬን አመጣሁ፤ በግራው ሕዳግ፣ በጠባቡ፦
«ጀልባቸው ታፈሳለች። ሦስት ሌሊት ውሃ ሲቀዱ፣
ልብስ ሳይቀይሩ። ከዚያ ውጋት።»
«አዎ» አሉ፣ «እሱን ጻፊ፤» ጭምብሉንም ራሳቸው መለሱት።

ዘንድሮ ለመውጫ ፈተና ስከፍተው
ያንን ገጽ የሐምሌ ዝናብ አግኝቶታል።
የቀኙ ዓምድ ሟሙቷል፤ አሥራ አንድ መስመር የሳንባ ምች
አንዱም አይነበብም። አልደነገጥኩም።
ጀልባዋ ደርቃ ቆማለች በጥጓ፦
ውሃ ይገባል፣ ሰውየው ይቀዳል፤
ውሃው ይጨምራል፣ ሰውየው ይፈጥናል፤
ቦታው ሲጠብበው ይፈጥናል፣ ይፈጥናል፣
ክንዱ እስኪዝል።

«ለምን ነበር የሚፈጥነው?» አለች ላሊሴ፣
ከላይኛው አልጋ፣ በጨለማ፣ ሳትስቅ።
ነገርኳት፣ ከነጀልባው።
ዝም አለች።
ቆይቶ፣ ከላይ፣
እርሳስ በካርድ ጠርዝ ሲሄድ ሰማሁ፣
ከላይ እስከ ታች።